የእኩል ሞተር

ሰኞ፣ ጥር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.፤ ከምሽቱ 12፡30

ፒስተኑ ዛሬም አልወጣም። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ነጭ ጋዝ አጠጣሁት፤ በእንጨት መዶሻ ደበደብሁት፤ ለመንሁት፤ ሰደብሁት። ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ እንደ ሹም ተኮፍሶ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ስበይድ ውዬ፣ ማታ ደግሞ ከዚህ ብረት ጋር ግብግብ። መዳፌ ተልጧል።

ደብተሬ ሆይ፣ ከአንተ በቀር የሚሰማኝ የለምና ስማ። አባ ጀማል (ከእንግዲህ አ.ጀ. ብዬ እጽፋቸዋለሁ፤ ሙሉ ስማቸውን ለመጻፍ ዛሬ ትዕግሥቱ የለኝም) ከዐስር ሶላት ሲመለሱ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አከራዬ ናቸው። ሞተሯም የእሳቸው ናት፤ በደርግ ዘመን፣ በባቲና እዚህ በከሚሴ መካከል ከብት ሲነግዱ የገዟት የቼክ ሥሪት። አሥራ አምስት ዓመት የፍየሎቹ ዳስ ሥር ተጋድማ ኖራለች። ሳወጣት መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበት ነበር።

ውላችን አጭር ነው። እሳቸው ብረቱን፣ እኔ እጄን። ተነሥታ ምርመራ ስታልፍ ሊብሬው ላይ ስሜ ከስማቸው ጎን ይጻፋል፤ ሞተሯም የእኩል ትሆናለች። የውል ወረቀት የለም። ምስክር አንድ ብቻ፤ ጎረቤታችን አያ መሐመድ፤ እሳቸውም የአ.ጀ. የልጅነት ጓደኛ።

የምፈራው ይህንን ነው። ከብቸና ከወጣሁ አራት ዓመቴ። አልጋው የሰው፣ ግራይንደሩ የአሠሪዬ፣ ብርድ ልብሱ እንኳ ከዚህ ቤት የተሰጠኝ። የእኔ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህች ሞተር ትሆናለች፤ እሷም ግማሿ። ሊብሬውን ልየው ስል “አብሽር፣ ጎጃሜው!” ይሉኛል። አይዞህ ማለታቸው ነው። ሊብሬው ሳጥን ውስጥ፣ የሳጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ። እንዲህ አድርጎ ቆልፎ አይዞህ ማለት ምን ዓይነት ማጽናናት ነው?

ዓርብ፣ ጥር 7፤ ከቀኑ 11፡00

ወጣ! ሲሊንደሩን ከሰል ላይ አሞቅሁና አንድ ጊዜ ብመታው ፒስተኑ ሾልኮ ወደቀ። ደህና ነው። የሚታጠቃቸው ቀለበቶች ብቻ ተሰባብረዋል፤ ደሴ ለሚሄድ ሾፌር አዝዣለሁ።

ደስታዬ ሩብ ሰዓት አልቆየም። ከጁምዓ በኋላ አያ መሐመድ ጫታቸውን ታቅፈው መጡ። ከአ.ጀ. ጋር ጥላው ላይ ተደላድለው ክርክር ገጠሙ። ጥያቄው ይህ ነው፦ የእኩል የሆነች ሞተር ላም ናት ወይስ በሬ? አያ መሐመድ ላም ናት ባይ። የእኩል ላም ስትሆን የሚካፈሉት ጥጃዋን ነው፤ ላሟ ግን ዞራ ለባለቤቷ ትገባለች። አ.ጀ. በሬ ናት አሉ፤ አትወልድማ። በሬም ቢሆን ግን የሚካፈሉት ተቀልቦ በዋጋው ላይ የጨመረውን ብቻ ነው። አያ መሐመድ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጅ ለማለት “ጉርባ” ነው የሚሉኝ።

“ያ ጉርባ፣ ለመሆኑ ስንት ወሯ ነው? ሆዷን ዳብሰህ አላየኸውም?”

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። የአ.ጀ. ባለቤት እማማ ሐዋ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ላምም ትሁን በሬ አካሏ ለባለቤቱ የሚመለስ ከሆነ፣ እኔ እረኛ ነኝ ማለት ነው። በቀልድ እያዋዙ ነገሩን ሊያለማምዱኝ ነው። ሞኝ መስያቸዋለሁ።

ሊብሬውን ጠየቅሁ። አብሽር።

ረቡዕ፣ ጥር 12፤ ከምሽቱ 1፡00

ትናንት ጥምቀት ነበርና መሣሪያ አልነካሁም። ዛሬ ከሥራ መልስ ጭቅጭቅ።

የምሠራት ሞተር በዓይነ ኅሊናዬ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። ዝቅ ያለ መሪ፣ ቀጭን ረጅም መቀመጫ፣ ከኋላዋ አንድም ትርፍ ብረት የሌለባት፣ ጥቁር። አ.ጀ. ግን ወገባቸውን ያማቸዋልና መደገፊያ ይሠራልኝ አሉ። ሰፊ፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው። ወንበር ማለት ነው! ሞተር ላይ የቢሮ ወንበር! አይሆንም አልሁ፤ አንቱ እያልሁ። ስናደድም አንቱታው አይቀርልኝም።

እሳቸውም ሳይቆጡ መቀመጫው መሐል ላይ በጣታቸው መስመር አሰመሩ። ከዚህ ወደ ፊት ያንተ፣ ከዚህ ወደ ኋላ የእኔ፤ በእኔ በኩል አትግባብኝ። በእሳቸው በኩል ግራና ቀኝ ቀይና አረንጓዴ ዘርፍ ይንጠልጠል፤ እንደ በቅሎ። ሰው ምን ይላል አልኋቸው። “ሰው እንዲል አይደል እንዴ የሚሠራው?” አሉኝ።

መደገፊያውን ሠራሁት፤ በንዴት። ስናደድ ብየዳዬ ይጠራል። እሱም ያናድደኛል።

እሑድ፣ ጥር 16፤ ከቀኑ 10፡00

ተነሣች። ደብተሬ፣ ተነሣች!

ትናንት ሻንሲውን ቀብቼ ጨረስሁ። ሁሉን የሚሸከመው እሱ ነውና ከቅቡ በፊት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ዝገቱን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። አንገቷ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ጎርበጥበጥ ብሎ ነበር፤ እሱንም ደምስሼ አለሰለስሁት። ሥራ ቤታችን አዲስ ብረት ሲገባ መጀመሪያ የሚያስፍቀን ያንን ነው፤ ደንበኛ ከቀለሙ ሥር ማኅተም ካየ ውራጅ ብረት ሰጣችሁኝ ይላል። አሁን እጅህን ብታሳልፍበት ምንም አይቆረቁርህም።

ዛሬ ከደሴ የመጡትን ቀለበቶች ገጥሜ፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ቀላቅዬ ሞላሁና መርገጫውን ረገጥሁ። በሦስተኛው ጮኸች። ግቢው በጭስ ታፈነ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። አ.ጀ. ማሻአላህ፣ ማሻአላህ እያሉ የጋለውን ሞተር በእጃቸው ሊነኩ ሲሉ ያዝኋቸው። ድምጿ ያው ነው አሉ፤ ያኔ ከባቲ ስመለስ፣ ሐዋ ገና ከከተማው ውጭ ቡርቃ ላይ ሳለሁ ነበር የምትሰማኝ። እማማ ሐዋ ውሸታቸውን ነው አሉ።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንንም አልጠላሁም።

ከዚያ ሊብሬውን ጠየቅሁ። ረቡዕ የትራንስፖርት ጽ/ቤቱ ለምርመራ ሲከፈት ታየዋለህ አሉኝ። ለምን ዛሬ አይሆንም? ወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ቢኖርስ? ለአንድ ዘመዳቸው አስበዋት ቢሆንስ? ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ አያስፈልጓቸውም። ሽሮውን ሳልጨርስ ተውሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 19፤ ከምሽቱ 1፡00

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። በቅደም ተከተል።

ጠዋት አ.ጀ. ሳጥኑን ከፍተው ሊብሬውን ራሳቸው እጄ ላይ አስቀመጡት። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነበረ። ማመልከቻ ነው። የባለቤትነት ስም እንዲጨመር፤ የእኔ ስም ከነአባቴ ከነአያቴ። የአያ መሐመድ ፊርማ በምስክርነት። በአ.ጀ. የልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ጽሕፈት የተጻፈ። ቀኑን አየሁት፤ ፒስተኑን ገና ስደበድብ ነው የተጻፈው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ይህን ያህል አፍሬ አላውቅም። ስላፈርሁም ተናደድሁ። ለምን አልነገሩኝም?

ጽ/ቤቱ ደረስን። መርማሪው ሊብሬውን ይዞ ጎንበስ አለ። የሞተሩ ቁጥር ተስማማ። ከዚያ አንገቷን በጨርቅ ጠረገ፤ ቀለሙን በጥፍሩ ጫረ፤ በባትሪ አየ። የሻንሲው ቁጥር የታል አለ።

የታል።

ማኅተም ያልሁት፣ ደምስሼ ያለሰለስሁት፣ እሱ ነበር። ፊደልና ቁጥር መሆኑንማ አይቼዋለሁ! እንደ በር ብረት ማኅተም ቆጠርሁት። ተሽከርካሪ በዚያ ቁጥር እንደሚታወቅ ማን ነገረኝ? እኔስ ማንን ጠየቅሁ?

አ.ጀ. ከአፌ ቀደሙኝ። ዝገት በልቶት ነው አሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት የፍየል ሽንት ውስጥ። መርማሪው ሥራዬን ጠየቀኝ። ብየዳ። ትምህርትስ? አራተኛ ክፍል። በጣቱ አንገቷን ደባበሰ። ከዚያም ሕጉን ተናገረ። ዝገት ከሆነ ባለቤቱና ሁለት ሽማግሌ ዓርብ በ8 ሰዓት ቀርበው ይምላሉ፣ ይፈርማሉ፤ አዲስ ቁጥር ይጻፍላታል። ሰው ፍቆት ከሆነ ግን የተሰረቀ አካል ላይ ሞተር ገጥመው ሊሆን ስለሚችል ነገሩ የፖሊስ ነው፤ ሞተሯም ትያዛለች።

እኔ ዝም አልሁ። ሞተሯን እስከ ዓርብ ይዘን ወደ ቤት ተመለስን።

ሐሙስ፣ ጥር 20፤ ከቀኑ 6፡30

ምሳ አልበላሁም። ሁሉም ያናድደኛል። የአሠሪዬ ሳል። በመንገዱ የሚያልፉት ባጃጆች፤ እያንዳንዳቸው ታርጋ አላቸው።

የቁጥር ማተሚያ ብረት ሥራ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ውሸት ቁጥር አይደለም፤ የራሷ ነው። ማተሚያውን አንሥቼ ያዝሁት። ዜሮው ተሰንጥቋል፤ መርማሪው አይደለም፣ ዶሮ ታውቀዋለች። መልሼ ወረወርሁት። የተውሁት በደግነት እንዳይመስልህ፤ በዜሮው ነው።

በአ.ጀ. ነው የምናደደው። ማን ይማሉልኝ አላቸው? ትናንት ማታ ለእማማ ሐዋ ሲነግሩ በግድግዳው ሰማሁ። ልጁ ከዓይኑ ብሌን እኩል ነው የሠራት፣ ዋላሂ እምላለሁ፣ ምን ያስፈራኛል ይላሉ። እኚህ ሰው ከብት ሲሸጡ ይምሉ ይሆን? አይመስለኝም። አያ መሐመድ እንዲያውም ይተርቡባቸዋል፤ “ጀማል ለመማል ከሚጠራ ላሙን በነፃ ይሰጣል” ይላሉ። አሁን ግን በእኔ ሞረድ ሊምሉ ነው። በሐሰት መሆኑንም አያውቁ።

ዝም ካልሁ ግማሿ የእኔ ናት። ስሜ ይጻፋል። ከተናገርሁ ሞተሯም ትሄዳለች፣ እኔም ምናልባት እታሰራለሁ። ይኸው ነው ሒሳቡ። ሌላ አማራጭ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ዓርብ፣ ጥር 21፤ ከቀኑ 6፡50

አስተርእዮ ማርያም ናትና ሥራ የለም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምንም አልጸለይሁም፤ ከራሴ ጋር ስጣላ ቅዳሴው አለቀ።

አ.ጀ. መስጊድ ናቸው። ነጭ ጀለቢያቸውን እማማ ሐዋ ትናንት አጥበውታል፤ ለመሐላው። ከሶላት በቀጥታ ከአያ መሐመድና ከሌላ ሽማግሌ ጋር ወደዚህ ይመጣሉ፤ አብረን እንሄዳለን።

ቃላት መረጥሁ። አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ረጅም ነው። አባ፣ አይማሉ። ይህ ይሻላል። ይህንኑ እላለሁ። የአጥሩ በር ተን—

እዚያው ቀን፤ ከቀኑ 11፡30

ተናገርሁ።

በሩ ላይ ነው የነገርኋቸው፤ ሦስቱም ቆመው። አ.ጀ. ከበሩ ገለል ብለው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። አያ መሐመድ ግራ ቀኝ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዝም በል አንተ! እኛ አልሰማንም፤ ምንም አላልህም።” አ.ጀ. ያን ጊዜ ጮኹ። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

“ጆሮዬ ሰምቷል፣ መሐመድ! አንተ ያንተን ድፈን!”

ከዚያ ወደ እኔ። ረቡዕ ዕለት አጠገቤ ቆመህ ለምን ዝም አልህ? ፈራሁ አልኋቸው። “ማንን? ሰውየውን ወይስ እኔን?” በሐሰት ልምል ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር አሉ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ስለ ሞተሯ አንድም ቃል አልተናገሩም። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሞተሯን ይዘን ጽ/ቤቱ ሄድን፤ ለመሐላ ሳይሆን። ቃሌን በራሴ እጅ ጻፍሁ፤ ስድስት መስመር። መርማሪው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ጣቴ ነግሮኝ ነበር አለ። ቃሌ ለፖሊስ ይተላለፋል። ሞተሯ ውሳኔ እስኪሰጥ እዚያው ግቢ ትቆማለች። ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ፖሊስ ጣቢያ እንድቀርብ። እስከዚያ ግን ዋስ ያስፈልገኛል፤ ቋሚ ነዋሪ የሆነ። ዘመድ አለህ አለኝ። የለኝም።

አያ መሐመድ መሬት መሬት አዩ። አ.ጀ. እስክሪብቶ ጠየቁ። ሳያዩኝ ፈረሙ። ሲወጡም የስም ማስጨመሪያውን ማመልከቻ ከሊብሬው ውስጥ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት። ይቅደዱት ወይም ያስቀምጡት አላውቅም። አልጠየቅሁም። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ፤ ወገባቸውን ይዘው።

ማን ዋስ ይሁኑኝ አላቸው? ቢተዉኝ ኖሮ ነገ ማለዳ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ መንገድ ላይ ይዤ፣ ከዚያም ወደ ብቸና፤ ከነንዴቴ፣ ማንም ሳይፈልገኝ። አሁን ሰኞ ካልቀረብሁ በእኔ ፈንታ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ልጠፋ እንደምችል አውቀው ፈረሙ ወይስ ሳያውቁ? የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደኝ መለየት አቃተኝ።

ሰኞ በ3፡00 እቀርባለሁ። ያለችኝን አንዷን ሸሚዝ አሁን አጥቤ አሰጣታለሁ።