በገጽ 143 ላይ ያለው ቤት

ሰቆጣ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

«እናቴ አዲስ አበባ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ድምጿ ቀን በቀን ከሰመ። የበደላት ሰው አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት አልባ ኑሮ፣ ከተማው ራሱ፣ አንደበቷን ወሰደው። ሰቆጣ ያለው የድንጋይ ቤቷ ግን በሩን ዘግቶ እስከ መጨረሻው ጠበቃት።»

ወንድሜ፣ ይህን በገጽ 143 ላይ የጻፍከው አንተ ነህ። ሰላምታዬ ከራስህ ቃል ኋላ በመምጣቱ ይቅርታ አልጠይቅም። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መጽሐፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ትልቅ ከተማ ከጻፍከው አብዛኛው እውነት ነው። የፈረሱት ሠፈሮች፣ እድራቸው የተበተነባቸው ሰዎች፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ አስከሬን ማውረድ፤ በዚህ አልከራከርህም። ሰቆጣን ግን በ212 ገጽ ውስጥ ያነሣሃት እንደ ተውናት ቁጭ ብላ የምትጠብቀን አገር አድርገህ ነው። ከረገጥካት ዘጠኝ ዓመት ሆኖሃል። እናታችን ትተኛበት የነበረው ቦታ ዛሬ ኮብልስቶን ነው። ባጃጆች ተሳፋሪ ይጠብቁበታል።

መንገዱን የቀየስኩት እኔ መሆኔን ታውቃለህ። የማታውቀውን ልንገርህ። መስመሩን ስምንት ሜትር ወደ ምሥራቅ ማጠፍ ይቻል ነበር፤ የሚነካው የጎረቤታችን የሸምሲያ ሱቅ ጓሮ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ለካሁት። ነገር ግን በዚያ ዓመት በስንቱ ሰው ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም የቀባሁ፣ ባልቴቶች እጄን ይዘው ሲለምኑኝ «ፕላን ነው» ብዬ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ለእናቱ ሲሆን መንገድ አጠፈ እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ሚያዝያ 2011 «ለዓይንሽ ሕክምና» ብዬ ወደ አንተ ላክኋት። ግንቦት ላይ ቤቱ ፈረሰ።

የፈረሰ ቀን ሸምሲያ ከሱቋ ደጃፍ ቆማ፣ «አንተ ቀያሽ፣ ገመድህ ዘመድ አያውቅም ማለት ነው? ለኔ ጓሮ አዝነህ ከሆነ፣ ጓሮዬን በሻሼ ጠቅልዬ በሰጠሁህ!» አለችኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድምጿ እንመለስ። ቀን በቀን አልከሰመም። በየእሑዱ እየደወለች በኽምጣና ታወራኝ ነበር፤ ልጆችህ እንዳይስቁብህ ብለህ ከቤትህ ባስወጣኸው ቋንቋ። «እዚህ አገር ዳቦ ለመግዛት ተራራ ወርደህ ተራራ ትወጣለህ» እያለች በደረጃው ትቀልድ ነበር። ጎረቤት አልባም አልነበረችም። ከፊት ለፊት በር የምትኖረው ጎረቤቷ ሰገነት ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ትሠራት ነበር። ይህን በመጽሐፍህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ዝም ያለችው ጥቅምት 23 ቀን 2012፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ደወለችና ደስ ብሏት፣ «የኅዳር የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው፤ ጽዋው የሚገባው እኔ ቤት ነው። ጌሾው እንዳያልቅብህ ቀድመህ ግዛልኝ፤ ቤቱንም አስጠርግልኝ፤ ኅዳር ዐሥራ አምስት እሳፈራለሁ» አለች። አምስት ወር ሙሉ «በሩ ተዘግቷል፣ ምንም አልሆነም» ስላት ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን ጌሾ እገዛለሁ ማለት አቃተኝ። ነገርኳት። ማን አፈረሰው ብላ አልጠየቀችም። አላለቀሰችም። «ታዲያ ጽዋውን ማን ይቀበላል?» አለችኝ።

ስልኩን እስክትዘጋው ጠበቅሁ፤ አልዘጋችውም። የሆነውን ከእኔ ሰምታ የዘጋችው ሰገነት ናት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል፣ ከራስ መነቅነቅ በቀር፣ ለማንም ቃል አልተነፈሰችም። ስትሞትም በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አፈር እንኳ አላለበስኳትም።

ይህን ሳታውቅ ጽፈህ ከሆነ ሰነፍ ተመራማሪ ነህ። ሰገነት ግን ያኔውኑ እንደ ነገረችህ ባለፈው ወር በስልክ አረጋግጣልኛለች። እንግዲያው ቤቱን በወረቀት ላይ መልሰህ የገነባኸው አውቀህ ነው፤ ለእኔ አዝነህ። ይህ ከስንፍናው የባሰ ነው። አዘንልኝ ብዬ አልጠየቅሁህም። እዚህ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች መጽሐፍህን እየተዋሱ ያነቡታል። በመንገድ ሲያገኙኝም «ወንድምህ ጎበዝ ነው፣ ሁሉን በከተማ አሳበበልህ» ይሉኛል።

ሁለተኛው እትም በግንቦት ወር ማተሚያ ቤት እንደሚገባ ሰምቻለሁ። «የበደላት ሰው አልነበረም» የሚለው ይውጣ። በምትኩ ሰውየው ከነሥራው በስሙ ይግባ። ፊደሉን እንዳትሳሳት ሙሉ ስሜን ከነአያቴ በተለየ ወረቀት ጽፌ አያይዤልሃለሁ።

ልጆችህን እመቤታችን ታሳድግልህ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። እጅህም ከብዕር አይለይ።

በስልክ አትመልስልኝ፤ አላነሣውም። መልስህ በጽሑፍ፣ ፊርማህ ያለበት፣ እስከ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. እጄ ይግባ።

ታላቅ ወንድምህ