ስኳር የለመደ ጥንስስ

ውድ እንየው፣

ጤናህን አልጠይቅህም። የነፍስ አባታችን አባ ጥበቡ ያለህበት ቦታ በሽታ የለም ብለውኛል፤ አምኛቸዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እበላለሁ። የቀን ውሎዬን እንደ ድሮው እጽፋለሁ። የዛሬውን ግን ላንተ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ሰው የሚያወራውን አስቀድሜ ልንገርህ። አላለቀሰችም ይላሉ። እውነት ነው። በቀብርህ ዕለት ድንኳኑ ለእንግዳው ይበቃ እንደሆነ ሳሰላ ነበር። እህትህ ዓይኔን አይታ፣ ይቺ ሴት ከድንጋይ ነው የተፈጠረችው አለች። አልተቀየምኳትም። እኔም ራሴን ብነካው የሚያመኝ ቦታ አላገኘሁም።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተህ ያልከኝን ግን ይዤዋለሁ። «ተዝካሬን በለስላሳና በሰው ጠላ እንዳታወጪው። ሰው የቤታችንን ጠላ ይጠጣ» አልከኝ። ሌላ ያዘዝከኝ ነገር የለም። ስለዚህ ሐሳቤን ሁሉ እዚያ ላይ አደረግሁት።

ችግሩ ብቅሉ ነበር። አንተን ሳስታምም ቤቱ ተዘግቶ ከረመና የጓዳው ጣሪያ አፈሰሰ። ጆንያው ርሶ ብቅሉ ሻገተ። ደህናውን ለቅሜ ያተረፍኩት ትንሽ ነው። አዲስ ገብስ ነክሮ ለማብቀል ጊዜ የለኝም፤ ለማድረቅም ፀሐይ የለም። ከወገዳ የምናስመጣውም መንገዱ ተዘግቶ ቀረ።

እንደ ነጋዴ አሰብኩ። ያለችኝን ብቅል ለድፍድፉ ላቆያትና ጥንስሱን በሌላ ጣፋጭ ላስነሳው አልኩ። ጥንስስ ማስነሻ ነው፤ ጣፋጭ ካገኘ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። የጋናችንን ግድግዳ ፍቄ የደረቀውን አተላ በሙሉ አወጣሁ። የቤታችን ጠላ ዘሩ ያ እንደሆነ ታውቃለህ። ከተወቀጠ ጌሾና ከውሃ ጋር በሦስት ማሰሮ ከፋፈልኩት። በአንዱ ማር፣ በአንዱ ስኳር ጨመርኩ። ለሦስተኛው ፊት ለፊታችን ካለው ሱቅ ቴምር ልገዛ ሄድኩ።

ባለሱቁ ጀላል ለምንሽ ነው አለኝ። አልዋሸሁትም፣ ለጠላ ነው አልኩት።

«እንግዲያ አልሸጥልሽም» አለ። ከዚያ በላስቲክ ቋጥሮ እጄ ላይ አኖረልኝ። «ለሐዘንተኛ ቴምር ሰጠሁ። ቤትሽ ገብቶ ምን እንደሚሆን እኔ አላየሁም።»

ማሩ አዘገመ። ቴምሩ ጠቆረና ሽታው አላማረኝም። የስኳሩ ግን እሳት ላይ እንዳለ ወተት ገነፈለ። እንዲህ ያለ አነሳስ አይቼ አላውቅም። ሁለቱን ደፋሁና ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ የስኳሩን ጥንስስ የተቆላው የገብስ አሻሮና ያቆየሁት ብቅል ላይ ገለበጥኩት። ተዝካርህን ያወጣሁት መስሎኝ እጄን ታጠብኩ።

ድፍድፉ ዝም አለ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ብርድ ይሆናል ብዬ በጋቢህ ጠቀለልኩት። በማግስቱም ዝም። ስከፍተው ሆምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጠላ የምትሸጠውን ቦጋለችን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አሸተተችና በምን እንዳስነሳሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ስኳር የለመደ ጥንስስ ገብስ ሲያይ ይሰንፋል፣ እሜቴ» አለች እየሳቀች። «የጌታ ልጅ በጮማ አሳድገሽ ቆሎ ብትሰጪው ይቆረጥማል? ጥንስስ ከልጅነቱ ብቅል ይልመድ። ይሄን ድፊው።»

አይድንም ወይ አልኳት። አይድንም አለች። ተቀምጦ የቀረ የጋኑ አተላ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ፍቄ እንደጨረስኩ ነገርኳት። ያን ጊዜ ሳቋን ተወች። ወደ ቤቷ ሄዳ ስትመለስ በነጠላዋ ስር ከራሷ ጋን የቀዳችውን አተላና አንድ ቁና ብቅል ይዛ መጣች።

«ለማንም አልናገርም» አለች። «እንየው የሰው ጠላ ጠሊ እንደነበረ ሀገሩ ያውቃል።»

በእሷ ጥንስስ ጠመቅሁ። ሌሊቱን ጋኑ እንደ ሰው ሲያጉረመርም ተሰማኝ። በተዝካርህ ዕለት ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ከተቀመጡ በኋላ መጀመሪያ ለአባ ጥበቡ ቀዳሁላቸው። ጎንጨት አሉና ዋንጫውን ወደ ሰዉ ከፍ አደረጉት። «አያችሁ፣ የእንየው ቤት ጠላ ማለት ይሄ ነው። እጅሽ አይንጠፍ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ቦጋለች በር ላይ ሆና እንጀራ ታነባብር ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሁሉም ጠጣ፣ ሁሉም መረቀ። እህትህም ደጋግማ አስቀድታ፣ ወንድሜን አላሳፈርሽውም ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። በመጨረሻ ለራሴ ቀድቼ ቀመስኩ። ጥሩ ጠላ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ጉልበት ያለው። የቦጋለች ጠላ ነው። ዋንጫውን እንደያዝኩ ድንኳኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። «እመቤት፣ ይሄ የእኛ አይደለም» የሚለኝ ሰው ፈለግሁ። ያንን የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተዝካሩ የእሱ ነበር።

ያኔም አላለቀስኩም። ዋንጫውን ጨረስኩና ለእንግዳ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ጣሪያውን አሳድሻለሁ። ገብስ ነክሬያለሁ፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ይበቅላል። የቦጋለችን አተላ ከጋናችን ግድግዳ አላጠብኩትም። በዚያው ላይ እየደጋገምኩ ብጠምቅ ውሎ አድሮ የእኛን ይመስል ይሆናል። መምሰሉን ግን ማንን እንደማስቀምሰው አላውቅም።

ባለቤትህ እመቤት
መካነ ኢየሱስ