የይስሐቅ ማተብ

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከመርካቶ ጩኸት አምልጦ ጅማ ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ተማሪዎችሽስ እንዴት ያደርጉሻል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን ከእኔ ቀድሞ አርጅቶ ነው እንጂ እኔ ገና ነኝ። ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ደመቀ ነው፤ ወደ ጅማ ዕቃ የሚጭንልን የአይሱዙ ሹፌር። ምሳ ካላበላችህ እንዳትሰጣት ብዬዋለሁ፤ ይህን እያነበብሽ ከሆነ በልቷል ማለት ነው። የፊደል ስህተት ካገኘሽ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪው። አጎትሽ ማንበብ የተማረው ከካርቶን ላይ ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ሰኪና ከባንኮክ ደውላ የወንድምሽን መርዶ ከነገረችሽ ጀምሮ ለብቻሽ አልቅሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ክፍል እንደምትገቢ አውቃለሁ። እናትሽ ገና አልሰማችም። እንዴት ሞተ፣ ምን አየህ፣ አንድም ሳታስቀር ንገረኝ ብለሽኛል። በስልክ አልሆነልኝም። ሱቁ ጆሮ ሞልቶበታል፤ ደግሞ ስልክ ሳነሳ አፌ ሳልፈቅድለት መቀለድ ይጀምራል። እኔን ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ይስሐቅ እንደ ሰው ፍትሐት ተደርጎለት ከአባቱ አጠገብ እንዲቀበር። እናትሽ ይህን ካላየች አትቆምም። ሁሉም ሞት ደግሞ ፍትሐት እንደማይፈታለት አንቺም ታውቂያለሽ።

እናትሽን ዱባይ ለዕቃ ልሄድ ነው ብያት ወጣሁ። ባንኮክ ስደርስ ሰኪና ጠበቀችኝ። ይስሐቅ ከእሷ ጋር ለመርካቶ ነጋዴ ልብስ እየገዛ ያስጭን እንደነበር ታውቂያለሽ። ጋሼ፣ ከስተዋል አለችኝ። እኔ አልከሳሁም፣ ሻንጣዬ ወፍሮ ነው አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች።

በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ዳር ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ስለ እሱ ነገረችኝ። ይስሐቅ መጨረሻ አካባቢ ሰው ይሸሽ ነበር አለች። ሲደወልለት አያነሳም፤ ሲያነሳ ደክሞኝ ነው ይላል። አንድ ቀን ባሕር ልይና ልምጣ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ከውሃው ያወጡት። መታወቂያ አልያዘም፤ ዘመዴ ነው የሚል ሰው ሲጠፋ በአካባቢው ያለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ወሰደው። ሰኪና ስትፈልገው ቆይታ የቤተ መቅደሱን አድራሻ ያገኘችው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ቤተ መቅደሱ ከባሕሩ በላይ ቋጥኝ ላይ ነው የተሠራው። የእህቴ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። መርካቶ ያደገ ሰው ጸጥታ ሲሰማ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። ውሾቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ተኝተዋል፤ እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ እንደኛው ቤተ ክርስቲያን አውልቀው ነው የሚገቡት። እኔም አወለቅሁ። በግቢው ጥግ ረጅም የጭስ ማውጫ ያለው ቤት አየሁና፣ እነዚህ መነኮሳት ዳቦ ቤትም ከፍተዋል እንዴ አልኳት ሰኪናን። ዞር ብዬ ሳያት መሬት መሬት ታያለች። ያኔ ገባኝ።

አዎ፣ አቃጥለውታል። በክፋት አይደለም፣ የአገራቸው ወግ ነው። ለማያውቁት ሰው አበባ አድርገው፣ በቋንቋቸው ጸልየው ሸኝተውታል። ዘመድ በሌለበት ዘመድ ሆነውታል፤ ይህን እናትሽም አንድ ቀን ብታውቅልኝ ደስ ይለኛል። ቢጫ የለበሱ ሽማግሌ መነኩሴ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የሸክላ ገንቦ ይዘው መጡ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በሩ ራሱን እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ የሚገባው ይስሐቅ እኮ ነው! ቆሜ ቀረሁ። መነኩሴው እስክቀመጥ ድረስ ክንዴን ይዘው ቆሙ።

ቀጥለው ጫማውን አመጡ። እሳቸው እየነገሩ ሰኪና ተረጎመችልኝ። የተገኘው በሩ ላይ ከሌሎቹ ጋር አይደለም፤ ከታች፣ ባሕሩ ጫፍ፣ ቋጥኙ ላይ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ካልሲው ተጣጥፎ ከውስጥ። በአንደኛው ጫማ ውስጥ ሰዓቱ፣ በሌላኛው ማተቡ። ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ።

ቋጥኙም የቤተ መቅደሱ ግቢ መስሎት ይሆናል ያወለቀው፣ አክባሪ ልጅ ነው በያቸው አልኳት። ነገረቻቸው። መነኩሴው ብዙ አዩኝና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ማተቡንስ አለች ሰኪና፣ ቀስ ብላ።

ውሃ እንዳይወስድበት ነዋ አልኳት።

ጋሼ፣ ይስሐቅ እኮ ዋና አይችልም አለችኝ።

ስለማይችል ነው የሞተው፤ ድንጋዩ አንሸራቶት አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ አንዱ ውሻ ተነሣ። ሰኪና ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ገንቦውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የበረርኩት። ቦሌ ስደርስ ፈታሹ ምንድነው የያዙት ቢለኝ የእህቴ ልጅ ነው አልኩት። አባባ ደግሞ ቀልደኛ ነዎት ብሎ ሳቀ። የሞቱን ወረቀት ሳሳየው ከወንበሩ ተነሣ። ዕድሜዬን ሙሉ እየዋሸሁ ስታመን ኖሬ፣ አንዴ እውነት ብናገር ተሳቀብኝ።

ገንቦው አሁን ጎጃም በረንዳ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከትሪዎቹ ኋላ አለ። ባለፈው ማክሰኞ እናትሽ መጣችና ልክ ከሥሩ ተቀመጠች። ይስሐቅ ደወለ ወይ አለች። ልብስ ሊያስጭን የሄደበት ፋብሪካ ገጠር ነው፣ ኔትወርክ የለም አልኳት። አንተ ደግሞ ስትዋሽ ትንሽ እንኳ አታፍርም፣ በዚህ ዘመን ኔትወርክ የሌለው ፋብሪካ አለ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘህ ስጥልኝ ብላ በሶ አስቀምጣልኝ ሄደች። ጨው ጣል አድርጌበታለሁ፣ እንደሚወደው አለችኝ። ሱቁን ዘግቼ ትሪዎቹ መሃል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ ቆጠራ ላይ ነኝ አልኩ።

ትናንት የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ ማርያምን ሱቅ ድረስ ጠራኋቸው። ከመምጣታቸው በፊት ማተቡን ከኪሴ አውጥቼ ገንቦው አንገት ላይ አሰርኩት። ተንኮል ነበር፤ ላንቺ አልደብቅም። ከአንገቱ እንዳልወለቀ አድርገው እንዲያዩት ነው የፈለግሁት።

አመድ ነው ስላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አመድም አፈር ነው፣ ይህን እሱ አልመረጠው አሉ። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁኝ፤ እንዴት ሞተ አሉ።

ተንሸራቶ ነው፣ አባ።

አይተሃል?

አላየሁም።

ያየ ሰውስ?

የለም አልኳቸው።

አንተ ሰውዬ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ስታሾፍብኝ ኖረሃል፤ አሁንም እያሾፍክብኝ ነው አሉኝ።

አይደለም አባቴ አልኩ።

ጨርቁን ገለጥ አድርገው ማተቡን በጣታቸው ዳበሱት። ክሩን ውሃ አልነካውም አሉ። አዎ አባ አልኩ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ያሰርከው አንተ ነህ አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ላልቷል፣ አጥብቀው አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ብሞክር ክሩ ከጣቴ ሾለከ። ገለል አድርገውኝ ራሳቸው አጠበቁት። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ቅዳሜ ጠዋት አምጣው ብለው ወጡ።

ስለዚህ ሐሙስ አዲስ አበባ ግቢ፤ እናትሽ እንዳታይሽ እኔ ቤት እደሪ። ዓርብ ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ሰዎችና ጎረቤቱ ደጃፏ ይሰበሰባሉ። መርዶውን የሚነግራት ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ብናገር ትስቃለች። እህቴ በእኔ ስትስቅ ማየት ደስታዬ ነበር፤ ያን ዕለት ብትስቅ ግን አልችለውም። አንቺ በቀኟ ሁኚ፣ እኔ በግራዋ እሆናለሁ። እንዴት ሞተ ብሎ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ተንሸራቶ ነው በዪ። እናትሽ ብትጠይቅሽም እንደዚያው። እኔን ግን ዳግመኛ አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። አንቺም ልብሽ የከበደሽ ቀን፣ ማንንም ማየት ያስጠላሽ ቀን፣ እኔ ጋ ደውዪ። ሱቅ ሰው ሞልቶበት ቢሆን፣ ቅዳሴ ላይ ብሆን እንኳ አነሳለሁ። የሚያስቅ ነገር ላይኖረኝ ይችላል፤ ዝም ብዬም ቢሆን ስልኩን አልዘጋብሽም።

እስክንገናኝ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለወንድምሽ ያነሰውን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ፤ የእናትሽን አንጀት ያጽናልን፤ እኔንም ለዓርብ ጉልበት አይንሳኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ