አዳራሽ ውስጥ የተወረደ ቁልቁለት

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ወገብዎም ከመንገዳችን ኮረኮንች የተጠበቀ ይሁን።

ከዋጃ እስከ ሮቢት እንደኔ ብስክሌት የሚነዳ አልተወለደም። ዋጃና ሮቢት እንኳ ይቅሩ፣ ከመስጊዱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ማለቴ ነው፤ እሱም ሜዳ ሜዳውን። የማታ ትምህርቴን በቅርቡ ስለጨረስኩ ይህንን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ በግልጽ ደብዳቤ መጻፌም የታሸገ ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ ሲከፈት አይቼ ስለማላውቅ ነው።

አንደኛ፣ ከከተማ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ክትባት ለምናደርስ ሰዎች ባለማርሽ የተራራ ብስክሌት ስለሰጡን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የአነዳዱን ሥልጠና ግን እኛን ከድካም ለማዳን ሲሉ፣ እርስዎና ሹማምንትዎ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዳችሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ ተማራችሁልን። ቁልቁለቱ ግድግዳ ላይ በፊልም ታይቶ ማንም ሳይወድቅ እንዳበቃ ስንሰማ ተመስገን ብለናል።

ሁለተኛ፣ እኛም እንሠልጥን ስንል፣ በግመልና በበቅሎ ያደገ የራያ ልጅ ብስክሌት አይቸግረውም ብለው አከበሩን። እውነትዎን ነው፤ እኔም እንደ በቅሎ ነዳሁት። ባለፈው ሐሙስ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ከታች ግራሩ ሥር ሽማግሌዎች በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሊያስታርቁ ተቀምጠዋል። በሽማግሌ ፊት ደግሞ ኮርቻ ላይ ሆኖ ማለፍ ነውር ነው፤ ወርዶ እጅ መንሳት ነው። ልጓም የሳብኩ መስሎኝ የፊተኛውን ፍሬን ጨመቅሁት። ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ አልቆምኩም። በመሪው ላይ አልፌ ሽማግሌዎቹ መሀል በግንባሬ እጅ ነሳሁ። ሼህ ሰላሁዲን አቧራቸውን አራግፈው፣ «ሰላምታህ ደርሶናል ልጄ፤ በቃ ተነስ» አሉኝ። ደግነቱ የክትባቱ ሣጥን ምንም አልሆነም።

ከአዳራሹ የተመለሰ ሠራተኛዎ በኋላ እንደነገረኝ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያሉ መያዝ ነው። ይህን የመሰለ እውቀት ይዞ እሱ በመኪና ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ጎማው ተጣመመ ብለው ብስክሌቱን ሊነጥቁኝ፣ ከሥራዬም ሊያሰናብቱኝ ማሰብዎን ሰማሁ። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሥልጠናው እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ይሰጠን፤ እርስዎም ተምረዋልና ከፊት ሆነው ይምሩን።

አንገቴን ዝቅ አድርጌ (ከሐሙስ ወዲህ ቀና አልል ብሎኛል)፣
የክቡርነትዎ ወዳቂ
ካሳ አራጌ፣ ክትባት አመላላሽ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ፈጥሬ ጽፌያለሁ። ሣጥኑ ደህና አልነበረም። ክዳኑ ተከፍቶ ብልቃጦቹ ድንጋዩ ላይ ተሰባብረዋል። ሀሊሜ የምትባል እናት ልጇን አዝላ ከማለዳ ጀምሮ ስትጠብቀኝ ውላ፣ ሳታስከትብ ተመልሳለች። በሚመጣው ሐሙስም ትመጣለች። ምን እንደምላት አዳራሹ ውስጥ የተማሩት ካለ ይላኩልኝ።