በሳፋ የተመለሰው ጭቃ፦ የእትዬ ቡቃያ የሕይወት ታሪክ

አክስታችን እትዬ ቡቃያ ከጀልባ ቀዛፊው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ዳርቻ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዝናቡ የከበደበት፣ ወንዙም እስከ ደጃፍ የሞላበት ወር ስለ ነበር አዋላጇ በጀልባ መጥታ በጀልባ ተመለሰች። አባታቸው "ገና ሳትወለድ እንዲህ ያስቀዘፈችኝ ልጅ ስታድግ ምን ልታደርገኝ ነው?" እያሉ ይቀልዱ እንደ ነበር ከእናታችን ሰምተናል። እናታችን የእትዬ ቡቃያ ታናሽ እህት ናቸው፤ ዛሬ በመቃብራቸው ዳር የሚነበበውን ይህን ታሪክ የጻፍነውም እኛ የታናሽ እህታቸው ልጆች ነን።

የእትዬ ቡቃያን ሕይወት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዳርቻ ወንዙ ሞልቶ በሸሸ ቁጥር በየደጁ ጥቁርና ለስላሳ ጭቃ ጥሎ ይሄድ ነበር። ሰዉ በጎርፉ አልቅሶ ሲያበቃ አካፋውን ይዞ ይወጣና ጭቃውን በጓሮው ይበትናል። ያን ዓመት ጓሮው ሁሉ ይስቃል። እናታቸው "ወንዝ የወሰደውን በአፈር ይክሳል" ይሉ ነበር፤ እትዬ ቡቃያም ይህን ከእናት ጡት ጋር ጠጥተው አደጉ። የኋላው መከራ ሁሉ የመጣው ከዚህ እምነት ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን ዶሮ የጫረው ይመስል ስለ ነበር መምህራቸው መልሱን በቃል ይቀበሏቸው ነበር። አባታቸው ታመው መቅዘፍ ሲያቅታቸው ትምህርቱ በዚያው ቀረ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በከተማው ችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ግቢ አልተነቃነቁም።

ሥራቸው አፈር መንፋት፣ ፍግ መቀላቀል፣ በፕላስቲክ ከረጢት መሙላትና ችግኝ ማጠጣት ነበር። አዲስ አፈር በመጣ ቁጥር ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው ያሹና ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ከዚያ "ይሄ ርቦታል" ወይም "ይሄ ጠግቧል" ይላሉ፤ ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ርቦታል ካሉ ፍግ ይጨመርበታል፣ ጠግቧል ካሉ ወዲያው ይዘራበታል። ቡቃያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ ዘር መሬቱን ሰንጥቆ ብቅ ባለ ቁጥር አክስታችን እንደ ሕፃን እየዘለሉ ይጮኹ ስለ ነበር ነው። ሰፈሩም ያንኑ ስም ያዘ፣ ዋናውን ስማቸውን ረሳው።

ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያው ነው። የጣቢያውን አጥር ሊሠሩ የመጡ ግንበኛ ነበሩ፤ አንድ ወር የማይፈጀው ግንብ ሦስት ወር ፈጀ። የሥራ ጓደኞቻቸው "ይሄ ሰውዬ የሚለካው ግንቡን ነው ወይስ አንቺን?" እያሉ ቁም ስቅላቸውን ያሳዩአቸው ነበር። በሃያ አራት ዓመታቸው ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ልጅቷ የመድኃኒት ባለሙያ ሆነች፤ ወንዱ ከልጅነቱ ልቡ ወደ መኪና ስለ ነበር ሾፌር ሆነ። ግንበኛው ዝምተኛ፣ ደግና ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በልብ ሕመም ዐረፉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳያዩ ማለፋቸውን እትዬ ቡቃያ እንደ ዕድል ይቆጥሩላቸው ነበር።

እትዬ ቡቃያ ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት ወንዙ ከመጠን በላይ ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀ። የከተማው አስተዳደር ወንዙ ከሥሩ እንዲጠረግ ወሰነ፤ ሥራውንም አንድ ኩባንያ ወሰደ። ከወንዙ በላይ ያሉት የቆዳና የባትሪ ፋብሪካዎች ዝቃጫቸውን ወደ ውኃው ሲለቁ እንደ ኖሩ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ሁሉም ያስብ የነበረው ስለ ውኃው ነው። ውኃ ያልፋል፤ ከሥር የተኛውን ማንም አላሰበውም። የሚወጣው ጭቃ ከከተማ ውጪ ወለሉ በፕላስቲክ ወደ ተነጠፈ ጉድጓድ ይወሰዳል ተብሎ ነበር፤ መንገዱ ሲረዝምባቸው ግን ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ሜዳ ይገለብጡት ጀመር።

ልጃቸው በኩባንያው ተቀጥሮ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጭነቶች አንዱን ይዞ በእናቱ ደጅ ቆመ፤ ጥሩምባውንም ነፋ። "እማዬ፣ ስጦታ አምጥቼልሻለሁ፣ በሩን ክፈቺ!" አለ። እትዬ ቡቃያ ወጥተው ቆንጠር አደረጉ፣ አሹት፣ አሸተቱት። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። ከመካከላቸው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ "እትዬ፣ ምን ይላል?" ብሎ ጠየቃቸው። "ጠግቧል! ይሄማ እናቴ ጓሮዋ ላይ ትበትነው የነበረው አፈር ነው። አራግፍ ልጄ፣ አራግፍ!" አሉ። ፊታቸው ያኔ ያበራውን ያህል ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም።

እትዬ ቡቃያ ጠግቧል ካሉ ማን ይጠራጠራል? ጎርፍ ያጠቃው ሰው ሁሉ ደጁን ከፍ ማድረግ ይፈልግ ነበርና ሾፌሮቹን እየለመነ በየግቢው አስገለበጠ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ተደለደለበት፤ ባለቤታቸው ያረፉበት የዚህ የመቃብር ቦታ የታችኛው ወገንም እንዲሁ ተሞላ። የልጃቸው ሴት ልጅ፣ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ በአያቷ ጓሮ ከዚያ ጭቃ ስኒ እየሠራች "ጠጪ" ትላቸው ነበር። እሳቸውም የጠጡ እየመሰሉ ያመሰግኗት ነበር።

ያን ዓመት የዘሩት ሁሉ ብቅ ብሎ ጫፉ እየተቃጠለ ሞተ። የጉድጓድ ውኃ ላይ ቀለም ያለው ስስ ቆዳ ተንሳፈፈ። ሕፃኗ ሆዷን ታመመች፣ ከዚያ እንቅልፍ አበዛች፣ ከዚያ የምታውቃቸው ቃላት አንድ በአንድ ጠፉባት። ሆስፒታል ደሟ ሲመረመር የባትሪ መርዝ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት፣ ተገኘባት። ሐኪሟ "ልጅቷ የምትጫወተው በምንድን ነው?" ብላ የጠየቀችው አባቷን ነበር፤ እትዬ ቡቃያ ናቸው "እኔ በፈቀድኩት አፈር" ብለው የመለሱት። ከዚያ ቀን በኋላ አፈር አሽትተው አያውቁም።

በማግሥቱ ቤት ለቤት ዞሩ። "ጠግቧል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ልጆቻችሁን አርቁ፣ አፈሩንም አስወጡ" እያሉ በየበሩ ቆሙ። አንዳንዱ በሩን ዘጋባቸው። አንዷ ጎረቤታቸው "አምጡ ያልሽው አንቺ፣ አውጡ የምትይውም አንቺ! እኛን ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽን?" ብላ በሰው ፊት ጮኸችባቸው። እውነቷን ስለ ነበር ይቅርታ ጠይቀዋት ወደሚቀጥለው በር ሄዱ። ያቺው ጎረቤት ግን የራሷ ልጅ ከታመመ በኋላ መጥታ ከጎናቸው ቆመች፤ ሌሎችም ተከተሏት። የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ መገልበጡ ይቁም፣ ከየግቢውና ከሜዳው ያለውም ወጥቶ ቃል ወደ ተገባለት ጉድጓድ ይወሰድ።

ቢሮ ያልረገጡት የለም። አንዱ ኃላፊ "እናቴ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" ሲላቸው "ልጄ፣ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ነው ያየሁት፤ ምናልባት እግሩን አሞት ይሆናል" አሉት። ከኩባንያው የተላከ ባለሙያ መጥቶ ጭቃው ከደረቀ ምንም አደጋ እንደሌለው አስረዳ፤ ይህን ሲናገር አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ ነበር። ጭቃውም ደረቀ፣ አቧራ ሆነ፣ በየመስኮቱ ገባ።

በመጨረሻ እትዬ ቡቃያና የሰፈሩ ሴቶች ወንበራቸውን ከየቤታቸው አውጥተው መንገዱ መሃል ተቀመጡ። ከፊት የመጣው ገልባጭ የልጃቸው ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እማዬ፣ ተነሺ በናትሽ፣ ከሥራ ያባርሩኛል" አላቸው። እትዬ ቡቃያ "አንተ ውረድ እንጂ እኔ ምን ቆርጦኝ እነሳለሁ? ልጅህ አንድ ቃል እስክትናገር እዚሁ ነኝ" አሉት። እሱም ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ መሬት ላይ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። ያን ቀን ያሸነፍን መስሎን ነበር። በማግሥቱ እሱ ተባረረ፤ መኪናውን ሌላ ሾፌር ይዞት መጣ፣ ፖሊስም ወንበሮቹን አነሳ።

ሰዉ ደከመ። ከፊሉ ካሳ ተቀብሎ ወጣ፣ ከፊሉ ቤቱን ለማያውቅ ሰው አከራየ፤ በዚህ ማንንም አንወቅስም። እትዬ ቡቃያ ግን ብቻቸውን ቀሩና በጓሯቸው ያለውን ጭቃ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየሞሉ በየማለዳው ከኩባንያው በር ላይ ደፍተው፣ ሳፋውንም እዚያው ትተው ይመለሱ ጀመር። የበሩ ጥበቃ ማታ ማታ ያንኑ በአካፋ ሰብስቦ፣ በዚያው ሳፋ መልሶ ያመጣላቸዋል። "እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ ታዝዤ ነው" ይላል። "ምን አደረግክ፤ ግባና ውኃ ጠጣ፣ ከባድ ነው" ይሉታል። ይህ ዓመት ከመንፈቅ ቀጠለ። ስንት ጊዜ "ይበቃል" ብንላቸው "በእኔ ቃል የገባ በእኔ እጅ ይውጣ" ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም። ከጓሯቸው አንድ ሳፋ እንኳ እንዳልቀነሰ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ያ ጥበቃ ዛሬ እዚህ ከኋላ ቆሟል፤ ስለ መጣ እናመሰግነዋለን።

ያ ክምር ከሜዳው አልተነሳም። ስስ አፈር ለበሰ፣ ሣር ተተከለበት፣ የሕዝብ መናፈሻ የሚል ሰሌዳ ቆመለት። ገልባጮቹም ከእኛ በታች ወዳለው ሰፈር ተዛወሩ፤ እዚያም ሰዉ ደጁን ከፍ ለማድረግ ጭቃውን እየለመነ እንደሆነ ሰማን። እትዬ ቡቃያ ይህን ሲሰሙ ሊነግሯቸው ወደዚያ ወረዱ፤ "ቅናት ነው" ብለው መለሷቸው። በእግራቸው የሄዱት የመጨረሻ ረጅም መንገድ ያ ነው።

ኩላሊታቸው መድከሙ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የመድኃኒት ባለሙያዋ ልጃቸው ሌት ተቀን ሳትለይ አስታመመቻቸው። ከጭቃው ይሁን ከዕድሜ ሐኪሞቹ አልለዩትም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ሊያርፉ ሲቃረቡ ወንድ ልጃቸውን አስጠርተው አንድ ነገር ብቻ ለመኑት። "ከአባትህ ጎን አስተኛኝ። ግን እዚያ ያለውን አፈር በላዬ እንዳትመልስብኝ። ከኮረብታው አምጣልኝ" አሉት። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ልጃቸው ትናንት ገልባጭ መኪና ተውሶ ወደ ኮረብታው ወጣ። ከጉድጓዱ አፋፍ የምታዩት ቀይ አፈር እሱ ያመጣው ነው። ከመጫኑ በፊት እንደ እናቱ ቆንጠር አድርጎ፣ አሽቶ ወደ አፍንጫው አስጠግቶት ነበር፤ ንጹሕ ይሁን አይሁን ግን መለየት አልቻለም። ከጉድጓዱ የወጣው ጥቁሩ አፈር በበርሜል ተሞልቶ አጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ የት እንደሚወሰድ የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

እትዬ ቡቃያ ታናሽ እህታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ አሁን ስምንት ዓመት የሞላትን፣ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ያልተናገረችውን የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ልትቀብሩ ለመጣችሁ፣ በሕመማቸውም ላልተለያችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል።

ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ወገን ያኑርልን። አፈሩ ይቅለላቸው፤ ንጹሕም ይሁንላቸው።