ምድር ቤቱ ሳይፈተሽ አልፈርምም

ለክቡር አቶ ዊትፊልድ ክሮስቢ
የከተማችን የቤት ደላሎች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በየአውቶቡስ ፌርማታው የተለጠፈው ፈገግታዎም ጭምር፣ ሁሉም ደኅና ነው? በስልክ ስደውል ጸሐፊዎ ዘወትር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ በሰፈራችን ጋዜጣ ብጽፍልዎ በስብሰባው መሀል ያነቡኝ ይሆናል ብዬ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ ነኝና ቃሌ ቢንዛዛ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

አከራያችን ቤቱን ስለሸጠብን እስከ መስከረም መውጣት አለብን። እኔና ባለቤቴ ዠርማኖ ደግሞ የነፍስ ኄር ዶና (በእናንተ ወይዘሮ) ዲኦሊንዳን ቤት ወደነዋል። ቤቱን የሚያሻሽጡት እርስዎ ግን ባለሙያ ሳይፈትሸው እንደምንገዛ እስከ ዓርብ ካልፈረምን ሻጩ ዋጋ የምናቀርብበትን ወረቀት ገልጦ እንደማያየው በትሕትና አስታውቀውናል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቀረፋው እናመሰግናለን። እሑድ ቤቱን ለጎብኚ ሲከፍቱት ምድጃው ላይ ቀረፋ ሲንተከተክ ነበር፤ ልብ ያባባል። ዕድሜዬን በድስት ላይ ያሳለፈው አፍንጫዬ ግን ባለጌ ነውና ከቀረፋው ሥር የረጠበ ጆንያ ሸተተው።

፪ኛ. ወደ ምድር ቤቱ ልወርድ ስል በሩ ላይ ቆመው «እመቤቴ፣ ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ይኖራል?» ብለው ስለሳቁልኝ አመሰግናለሁ። እኛ እንኖራለን፣ ክቡር ሆይ። ለእኛ ለፖርቱጋሎች ይህን ያህል ዘመን ቤት ሲሸጡ ማንም ሳይነግርዎ መቅረቱ አሳዝኖኛል። የላይኛው ኩሽና ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ምድጃው እንደ መስታወት ያበራል፣ ማንም አይነካውም። የጎመን ሾርባው የሚፈላው፣ ዓሣው የሚጠበሰው፣ ልደቱ የሚከበረው፣ ጠቡም ዕርቁም የሚደረገው ታች ነው። ምድር ቤቱን ያላየ ቤታችንን አላየም።

፫ኛ. እንደምንም በጎንዎ ሾልኬ ብወርድ ግድግዳው አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተቀባው ግን ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው። «ቀለም አልቆባችሁ ነው?» ብዬ ረዳትዎን ብጠይቃት «ዘመናዊ አቀባብ ነው» አለችኝ። ሰው ፊት የማይስቀው ዠርማኖ እንኳ ሳቀ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁጥር አልሰጠውም፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። ዶና ዲኦሊንዳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከእኛው የፖርቱጋል ደሴት የመጡ ሴት ነበሩ። ታች የምድጃቸው ቦታ አለ፤ ወለሉ ላይ የአራት እግሮቹ ምልክት ይታያል፣ የጋዙ ቧንቧም አፉ ተደፍኗል። ምድጃው ራሱ ግን ላይ ነው፣ ዘይት ተረጭቶበት፣ ድስት ጠቁሮበት። በእኛ ሰዎች መካከል ምድጃዋን ከታች ወደ ላይ ያወጣች ሴት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እኚያ ሴት ምድጃቸውን ያሸሹት ከምንድን ነው? ከውሃ ነው? መሠረቱ ተሰንጥቆ ነው? እኔ አላውቅም። አይቶ የሚነግረኝ ባለሙያ አለ፤ እርስዎ በሩን የሚዘጉት በእሱ ላይ ነው።

በመኪና ስንመለስ ዠርማኖ «ኢዳሊና፣ በቃ እንፈርም። ሰው ሁሉ እየፈረመ ነው። መስከረም ሲመጣ የእናትሽ ሶፋ ላይ ልንተኛ ነው?» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐብሐብ ስትገዛ እንኳ ሳታንኳኳ አትገዛም» አልኩት።

ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ «አንኳኩቼም የምመልሰው አለ» አለ። እንዲህ ተስማማን።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዋጋችን ከወረቀቱ ላይ ሰፍሯል፤ ደግ ዋጋ ነው። ፍተሻውን ትተናል የሚለውን መስመር ግን ራሴ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ፈታሹ ወርዶ አይቶ ደኅና ነው ካለ እንገዛለን። ካላለ የእናቴ ሶፋ ይጎረብጣል እንጂ ውሃ አያስገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ቤት አፍስሼ የምለቅምበት ጉልበት የለኝም። ይህን ለምታነቡ፣ ለዚያው ቤት እስክሪብቶ ላነሳችሁ ጎረቤቶቼም አንድ ቃል አለኝ፦ እናንተም መስመሩን ሰርዙት። ሁላችንም ከሰረዝነው አቶ ክሮስቢ የማንን ወረቀት ሊያነቡ ነው?

እግዚአብሔር ፈገግታዎን ከፌርማታው ዝናብ እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ፣ ምድጃዬን ታች ለማኖር ቆርጬ የተነሣሁ፣

አክባሪዎ
ኢዳሊና ፓቼኮ
ኢስት ፕሮቪደንስ

ማስታወሻ፦ የቀጠርነው ፈታሽ እርስዎን በደንብ ያውቅዎታል፤ ሰላምታ አቅርቢልኝ ብሏል። ሐይቁ ዳር ያለውን የራስዎን ቤት ሲገዙ የፈተሸልዎ እሱ ነው አሉ። መሰላሉን ይዘውለት እንደነበር በምስጋና ያስታውሳል፤ «ከምድር ቤቱ ጀምርልኝ» ያሉትም እርስዎ ነዎት።