ከበሮ አልመታም

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 3

ከንጋቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ዳቦ ቤት። ሁለት መቶ የሥጋ ፓይ። ወገቤ ተቆረጠ። ማታ በዝናብ ወደ ባንዱ ልምምድ። አዳራሹ እርጥብ ሱፍና የናስ መወልወያ ይሸታል፣ እንደ ሁልጊዜው። ባንዶች ከመንደር መንደር ለሚዞሩበት ለጰራቅሊጦስ ዓርብ ውድድር የሚሆነውን የሰልፍ ማርሽ ኖታ አደሉን። መሃሉ ላይ ኮርኔት፣ አጭሩ ጥሩምባ፣ ብቻውን የሚነፋበት ቦታ አለ... የእኔ ነው። ሽማግሌው አርተር ካቆመ ወዲህ ሶሎ የሚነፋው ሰው ወንበር የእኔ ነው።

ከፍ የሚለው ኖታ ላይ ስደርስ ትንፋሼ በአፍንጫዬ አመለጠ። ያ ፉጨት። ከጎኔ የሚነፋው ሬይመንድ ቀስ ብሎ፣ "ማንቆርቆሪያው ፈላ" አለ። የኋላው ረድፍ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እኔን ምን ያስቀኛል?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 12

ሆስፒታል። አዲስ ዶክተር፣ ልጅ እግር። አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየ። "ስትወለጂ የነበረው የከንፈርና የላንቃ ስንጥቅ በደንብ ተሰፍቷል። ግን የላንቃሽ ኋላ አጭር ነው፤ አፍንጫሽን አጥብቆ አይዘጋም። ሲደክም ደግሞ ጭራሽ ይለቃል።" ይህን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሌላ ቀዶ ጥገና አለ፣ ሊረዳም ላይረዳም ይችላል አለ። ስንት ደቂቃ መንፋት እንደምችል ጠየቀኝ። ሩብ ሰዓት ደህና፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዕድሌ።

"ፒያኖ ሞክረሽ ታውቂያለሽ?"

ፒያኖ ተሸክሜ መንገድ ለመንገድ ልሰለፍ? አላልኩትም። ማለት ነበረብኝ። ስናገርም በአፍንጫዬ ነውና ሰው "ምን አልሽ?" ይላል፤ ሁለቴ መናገር ይሰለቸኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም...

ማክሰኞ፣ ሜይ 1

ምንም የለም። ከንፈሬ አብጧል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 15

የባንዱ መሪ ሚስተር ሄይግ ከልምምድ በኋላ አስቀረኝ።

"ዶሪን፣ የኔ ልጅ፣ ቅር እንዳይልሽ።"

እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቅር ሳያሰኝ አይጨርስም። ዳኞቹ ተጎታች ቤት ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ነው የሚሰሙን፣ ማን እንደሆንን አያዩም፣ ጆሮ ብቻ ናቸው አለኝ። ለማን ነው የሚነግረው? "አፍንጫሽ ይሰማቸዋል። በአንድ ምሽት ሰባት መንደር ነው። አትዘልቂውም። ትልቁን ከበሮ ያዢ፣ ከበሮ ትንፋሽ አይፈልግም። ሶሎውን ሬይመንድ ይሸፍነዋል።"

"ከበሮ አልመታም።"

"ምን አልሽ?"

"ከበሮ አልመታም አልኩ።"

የማርሹን ወረቀት አጣጠፈ። ከዚያ፣ "እሺ። ከዳኞቹ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ስለ አፍንጫ ድምፅ ከጻፈ ግን ወንበሩን ትለቂያለሽ። ያለ ጭቅጭቅ።"

"ያለ ጭቅጭቅ።"

ተጨባበጥን።  ምን ውስጥ ነው የገባሁት?

ረቡዕ፣ ሜይ 16

ለአባዬ ነገርኩት። በዚሁ ባንድ ትልቁን ባስ ሲነፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሳህኑ ቀና አላለም።

"ስትወለጂ ጡት መሳብ አልቻልሽም። እናትሽ በማንኪያ ነው ያሳደገችሽ፣ ጠብታ በጠብታ። ሐኪሙ ይህቺ ልጅ ፊኛ እንኳ አትነፋም አለን።"

"እና?"

"እናማ ሐኪሙ ሞተ።"

ድንቹን ቀጠለ።

እሁድ፣ ሜይ 27

በየቀኑ ከሥራ መልስ በሰባት መንደር ልክ እለማመዳለሁ። መንፋት፣ ማረፍ፣ መንፋት። አራተኛው ላይ ይለቃል። ዛሬም አራተኛው። ኮርኔቱን አልጋው ላይ ወረወርኩት፤ ወዲያው ደግሞ የጎደጎደ እንደሆነ ሮጬ አየሁ። ደህና ነው። አለቀስኩ። ማንም አያነበውምና ልጻፈው፦ ፈርቻለሁ። ይህን ወንበር ከወሰዱብኝ ሌላ አፍ የለኝም።

ሐሙስ፣ ጁን 7

ነገ ነው። ዩኒፎርሜን ተኮስኩ። የአባዬንም።

ቅዳሜ፣ ጁን 9

ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ተነሳ። በየመንደሩ ያው ነው፤ መውረድ፣ በዋናው መንገድ እየነፉ መሰለፍ፣ ሜዳው ላይ ከዳኛው ተጎታች ፊት ቆሞ ማርሹን መንፋት፣ ከዚያ ሌላ ባንድ ሳይቀድመን ሮጦ አውቶቡስ።

ሦስቱ ያለ እንከን አለፉ። አራተኛው ላይ፣ ዳኛው ፊት፣ ከፍ የሚለው ኖታ ላይ... ፉጨት። አጭር ነበር፤ ግን ነበር። ሬይመንድ አልቀለደም። የሶሎዬን ወረቀት ነው ያየው። ከቀልዱ ይልቅ ይሄ ባሰብኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ሳጥኔን ስከፍት የልብስ መቆንጠጫ። ሁላችንም ሁለት ሦስት አለን፤ እሁድ መናፈሻ ስንጫወት ነፋስ ወረቀቱን እንዳይወስድብን። አፍንጫዬ ላይ ሰካሁት። ያማል። ነፋሁ። አላመለጠም... የሚወጣበት የለውማ።

ሄይግ ከፊት ወንበር ዞረ። "እንደዚያ ሆነሽ ልትሰለፊ አይደለም መቼም።"

"ነው እንጂ።"

"ሰው ይስቅብናል።"

"ይሳቅ። ዳኛው አያይም ብለውኝ የለ?"

"እሺ፣ ለሜዳው አድርጊው። መንገድ ላይ ግን አውልቂ።"

አላወለቅኩም። ሰው ከንፈሬን ሲያይ ኖሯል፤ አንድ እንጨት ቢጨመርበት ምን አለ? አምስተኛው መንደር መጠጥ ቤት በር ላይ የቆሙት ወንዶች፣ "ምን ሸተተሽ፣ እሜቴ?" ብለው ቢራቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቀና ብዬ ነፋሁባቸው። ስድስተኛ። ሰባተኛ። ጆሮዬ ሊፈነዳ ደርሷል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ሶሎው ግን አንድም ሳይጎድል ወጣ። ስጨርስ አፍንጫዬ ጠቁሮ ነበር። አባዬ አየውና፣ "እብጠቱ እንዲበርድ ጥሬ ሥጋ አድርጊበት" አለ።

አራተኛውስ? እሱን ማን ይመልሰዋል?

ማክሰኞ፣ ጁን 19

የሰባቱ ዳኞች አስተያየት በሰባት ፖስታ መጣ። በእኛ ባንድ ፖስታው ቀድሞ አይከፈትም። መሪው ሁሉም ፊት ቀዶ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ሄይግ በዚህ ይኮራል። መነጽሩን አደረገ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ባሱ ከብዷል፣ ከበሮው ቸኩሏል። አራት፦ "ሶሎ ኮርኔቱ ተቸግሯል፤ ግን አልሸሸም።" ስለ አፍንጫ የለም። እንዴት አመለጥኩ?

አምስተኛውን ፖስታ ቀደደ።

"'ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚረብሽ የአፍንጫ ድምፅ...'"

ቆመ። ሬይመንድ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ኮርኔቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አለቀ። ቃሌን ሰጥቻለሁ... ግን መቆንጠጫው ነበረኝ እኮ! አምስተኛው ላይ ምንም አላመለጠኝም።

ሄይግ ማንበቡን አልቀጠለም። ጆሮው ቀልቷል። አባዬ ባሱን መሬት አስቀመጠና ሄዶ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ። አባዬ ሲያነብ ቀስ ብሎ ነው፣ ቃል በቃል።

"'...የሚረብሽ የአፍንጫ ድምፅ ይሰማል። ዜማውን ከባንዱ ግማሽ ምት እየቀደመ ስለሚያንጎራጉር፣ መሪው መሆን አለበት። ቢተወው መልካም ነው። ያን ንጹሕ የኮርኔት ሶሎ ሸፍኖብኛል።'"

እውነት ነው። ሲመራ ያንጎራጉራል። ሃያ ዓመት ስለለመድነው አንሰማውም፤ የእኔን ነው የምንሰማው።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። በዚያ አዳራሽ ተነስቼ ተናግሬ አላውቅም።

"ሚስተር ሄይግ፣ ቅር እንዳይልዎት። ትልቁ ከበሮ አለ። ትንፋሽ አይፈልግም።"

"ምን አለች?" ያለ ሰው የለም። መጀመሪያ የሳቀው ሬይመንድ ነው። ሄይግ መነጽሩን ጠርጎ መልሶ አደረገው፤ የቀሩትን ሁለቱንም አነበበ፣ ስለ አፍንጫ የለም፤ ከዚያ፣ "ወንበሩ ያንቺ ነው" አለኝ። አውቄዋለሁ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 3

ዳቦ ቤት። ሙቀት። ለሆስፒታሉ ጻፍኩ፦ ቀዶ ጥገናውን አሁን አልፈልገውም፣ ስፈልግ ራሴ እመጣለሁ። ማታ ልምምድ። ሄይግ ከንፈሩን ነክሶ ይመራል፣ ያሳዝናል።

ሶሎው መሃል አፍንጫዬ አፏጨ። በደንብ። ቀና ብዬ አየሁ... ማንም አልዞረም። እኔም አላቆምኩም።